ጀርባውን ለፒያኖው ሰጥቶ

…ሦስት፣ አራት፣ ገና ነው፣ ገና ነው አየነው፣ አትቸኩል፣ ልጅቷ ከፒያኖው ኋላ ገና የዜማውን በር እየከፈተች ነው፣ የፒያኖው እንጨት በሸሚዙ አልፎ በትከሻዎቹ መሃል ድም ድም ይላል፣ ይሄ ግራ እጇ ነው፣ ወፍራሙ፣ ቀኝ እጇ ደግሞ ከፍ ብሎ ማጅራቱ ሥር እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ ጀርባ ይሰማል ብሎ ማን ነገረው፣ ማንም፣ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባ ማለት የሸክም ቦታ ይመስለው ነበር። ትራምፔቱ እጁ ላይ ግሏል። የአሥር ሰዓት ፀሐይ የክበቡን ዛፎች ሰንጥቃ ገብታ ናሱ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ከንፈሩን ሲያስጠጋ ሊፈጀው ነው፣ ይፍጀው፣ የድሬ ፀሐይ ያልፈጀችው ከንፈር የት አለ። ሁለት፣ ሦስት። ሱሪው ሰፊ ነው፣ ሆዱ እንደ ልቡ አየር ይስባል፣ ሚስቱ ዘርፈሽ ጠዋት ይኼ ሱሪ ሰፍቶሃል ላጥብበው ስትለው ተይኝ ማለቱ እንኳን በጀው።

ሰው ሞልቷል። ከዚራ ሰፈር እንዳለ ወጥቶ መጥቷል፣ የክበቡ አሥረኛ ዓመት ነው፣ የባቡር ሠራተኛው ከነሚስቱ፣ ግሪኩ ባለ ዳቦ ቤት ከነዘመዱ፣ ከመጋላ የመጡት ሴቶች በየቀለሙ ድሪያቸውን ለብሰው እንደ ፍራፍሬ ተደርድረዋል፣ ዘርፈሽ ከነሱ ጎን ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች፣ እና እዚያ፣ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ዓብዱልአዚዝ። አኮርዲዮኑ እግሩ ሥር ተኝቷል። የክበቡ ባንድ አለቃ፣ አየነው ሰባት ዓመት ሙሉ በስተቀኙ ቆሞ የነፋለት ሰው። ዓይን ለዓይን አትግጠመው፣ ዛፉን እይ፣ ዛፉ ላይ ቁራ አለ፣ ቁራውን እይ።

የዳቦ ቤቱ ልጅ ሠርግ። አምስት ወር ሆነው፣ ትናንት ይመስላል። ዓብዱልአዚዝ አኮርዲዮኑን ዘርግቶ ገና በጨዋታው መሃል ሳለ አየነው ተራው የደረሰ መስሎት ትራምፔቱን አንስቶ ነፋ፣ በሰው ወሬ ጣልቃ እንደሚገባ ሰካራም፣ ሠርገኛው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች፣ ዓብዱልአዚዝም አንድ እጁን ከአኮርዲዮኑ አላቀቀና መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ዝቅ፣ ዝቅ አለው፣ ውሻ እንደሚያስተኙ። በማግስቱ አየነው የሚሠራበት ብስክሌት መጠገኛ ድረስ መጣ። ቢሰድበው ይሻል ነበር። አልሰደበውም፣ የተደራረበ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ አቦ አየነው፣ ወላሂ እወድሃለሁ፣ ግን ደክመሃል፣ ትንሽ እረፍ፣ እኔ ለጊዜው ሌላ ልጅ አገኛለሁ፣ ስትድን ትመለሳለህ። ከምኑ ነው የሚድነው? አልጠየቀውም፣ ፔዳል ፈታ፣ ፔዳል አጠበቀ፣ እሺ አለ። ስለ ጆሮው ከዘርፈሽ በቀር ለማንም አልተናገረም። ወባ አሥራ አንድ ቀን አስተኝታው ሲነሳ ግራ ጆሮው አብሮት አልተነሳም፣ ሐኪሙ በባትሪ አየለትና ይሄ አይመለስም ቀኙን ጠብቅ አለው፣ ምኑን ይጠብቀዋል፣ ቀኙ ብቻውን ሲቀር ዓለምን በሙሉ አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ ያንተከትከዋል፣ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ወሬውም ዘፈኑም ጭብጨባውም አንድ ገንፎ ነው፣ የት ጋ ማን እንደሚጫወት፣ የማን ተራ እንደሆነ፣ ገንፎ። ባለ ትራምፔት ደንቆሮ ነው ከሚሉት ሰክሮ ነው ይበሉት። ብለውትማ ነበር። 

አሁን።

ይገባል። አየሩ ከሆዱ ሥር ተነስቶ በጉሮሮው፣ በከንፈሩ፣ በትኩሱ ናስ ውስጥ፣ የመጀመሪያዋ ድምፅ ወጣች፣ ልክ ነች? ጀርባውን ይጠይቃል፣ ጀርባው ልክ ነች ይለዋል፣ የሳሕራ ግራ እጅ ከሥሯ ገብቶ ተሸክሟታል፣ ሰላም ዋልሽ፣ ሰላም ዋልክ፣ እንዲህ ነው የሚባለው፣ ቀስ፣ ዜማውን እንዳለ፣ ምንም አትጨምር፣ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ይወቀው።

ዜማው የአሜሪካኖች ነው። እንግሊዞቹ ከጦርነቱ በኋላ ሲወጡ ትተውት በሄዱት ሸክላ ላይ ነው የሰማው፣ ያኔ እሱ በሁርሶ ጦር ሰፈር የንጋት መለከት ነፊ ነበር፣ ሸክላው መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ተልጦ ስሙ ጠፍቷል፣ ስለዚህ የድሬ ሙዚቀኞች ሠላሳ ሁለት ይሉታል፣ አራት አራት ምት ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ያልቅና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። አራት ቤት አለው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሦስተኛው ብቻ መስኮቱ በሌላ በኩል ተከፍቷል። አንዴ ዜማውን እንዳለ ትነፋለህ፣ በሚቀጥለው ዙር ቤቶቹን ሳትነካ ዕቃውን ሁሉ ታወጣና የራስህን ታስገባለህ። ይህን ነገር ያስረዳው የጦር ሰፈሩ አርመን የባንድ አስተማሪ ነው፣ ገብቶሃል ወይ ሲለው አየነው ሳቀበት፣ እንዴት አይገባው፣ ጎጃም ሳለ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጧል፣ እዚያም ልኩ የተሰጠ ነው ቃሉ ያንተ ነው፣ በሰው ፊት ቆመህ ያልነበረውን ትዘርፋለህ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ ቤቱ ያልመታልህ እንደሆነ ዱላቸው ይመታል። አሜሪካኖቹም ቅኔ ቤት ነበሩ እንዴ፣ ያኔ ያለው ይህንኑ ነው፣ አርመኑ ምን እንደሚል አልገባውም።

ሁለተኛው ቤት። ሦስተኛው፣ መስኮቱ፣ ክፈተው፣ ነፋስ ይግባ፣ ኧረ ነፋስ፣ የመጋላ ሴቶች ማራገቢያ ቆመ፣ ይሰማሉ። ዓብዱልአዚዝ አገጩን በጣቶቹ ይዟል። ቁራውን እይ።

እና ሁሉም ነገር የመጣው በተነፈሰ ጎማ ነው። ሳሕራ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች፣ የዒጋል ልጅ፣ ዒጋል ማለት ከብስክሌት መጠገኛው ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው ሶማሌ ነጋዴ ነው፣ ልጁ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመነኮሳቱ ፒያኖ ተምራ አሁን እዚያው ሕፃናት ታስተምራለች። በግራው ቆማ ተናገረች። ጎማ ያያል። ደግማ ተናገረች። ጎማ ያያል። ዞራ በቀኙ መጣችና እንደ ድሬ ልጅ፣ የድሬ ልጅ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፣ በግራ ጆሮህ አትሰማም አይደል አንተ? አለችው ፊት ለፊት። ጎማው ከእጁ ወደቀ። ማን ነገረሽ። ማንም አልነገረኝም፣ አሁን ራስህ ነገርከኝ። ለሰው እንዳትናገሪ። አልናገርም፣ ግን ለክበቡ በዓል ሠላሳ ሁለትን መጫወት እፈልጋለሁ፣ ፒያኖ ብቻውን አይሆንም፣ ትራምፔት ይፈልጋል። ሌላ ትራምፔት ፈልጊ። ሌላው ልጅ የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚነፋው፣ እኔ ከሚመልስልኝ ሰው ጋር ነው መጫወት የምፈልገው። እንዴት እመልስልሻለሁ የተናገርሽውን ሳልሰማ?  ብስክሌቷን ይዛ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን አይሆንም ብሎ ቁርጡን ሊነግራት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ድረስ ሄደ። ትጫወታለች፣ ሕፃናቱ ዙሪያዋን ይዘልላሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ለሱ ያው ገንፎ ነው፣ እስክትጨርስ ልጠብቅ ብሎ ደክሞት ቁም ፒያኖው ጀርባ ላይ ተደገፈ። እና ገባው። በአከርካሪው ገባው። ግራ እጇ ወገቡ ላይ፣ ቀኝ እጇ ማጅራቱ ላይ፣ የሕፃናቱ ጫጫታ ውጭ ቀረ፣ እንጨቱ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች፣ ጥርት ብላ፣ እንደ ንጋት መለከት፣ አየነው እዚያው ተደግፎ እንባው ወረደ፣ ሕፃናቱ ሰውየው ምን ሆነ ብለው ከበቡት። አርባ ቀን ተለማመዱ። እሷ ከፒያኖው ኋላ ተደብቃ እሱን አታየውም፣ እሱ ተደግፎ እሷን አያያትም፣ በመሃላቸው አንድ ሳንቃ።

አራተኛው ቤት፣ ዘጋው፣ ጥሩ፣ ዜማው አለቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ቀለል አድርጎ፣ ገና ነው ነገሩ። አሁን ቤቱ ባዶ ነው፣ አየነው፣ ዕቃህን አስገባ።

አንድ። ትንሽ ነገር ያስገባል፣ ሦስት ድምፅ ብቻ፣ ሞክራት፣ ሳሕራ ሦስቱን ድምፅ ገልብጣ ትመልስለታለች፣ አንቺ ቀልደኛ፣ አራት ያደርገዋል፣ አራት ትመልሳለች አምስተኛ መርቃ፣ እሺ፣ ከዚራ እንውረድ፣ የብስክሌት ጎማ እንደሚሽከረከር ይሽከረከራል፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋላ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሳይነኩ ፍሬን፣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ላይ አሸዋው ይይዘዋል፣ እዚህ ጋ ያነክሳል፣ ሆን ብሎ፣ ጎማው ሰጠመ፣ ገፋ፣ ገፋ፣ ወጣ! ሰው ይስቃል፣ ይሄ የሠርጉ ዓይነት ሳቅ አይደለም፣ ገብቷቸው ነው፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ብስክሌት ያልገፋ ማን አለ። የሁርሶን የንጋት መለከት ጣል ያደርጋል፣ ተነሱ፣ ተነሱ፣ ኋላ ያሉት ሁለት ወታደሮች ሳያስቡት ተነስተው ቆሙ፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ ከንፈር ሆይ አምስት ወር ሥራ ፈትተህ ከርመህ እንዲህ ነህ ለካ፣ ግፋ።

እና በበሩ በኩል ዒጋል ገባ።

ሸርጥ፣ ነጭ ኮፍያ፣ ያቺ ዱላ። አይ። አይ፣ አየነው ዓይኑ አታሎት ይሆን፣ አላታለለውም፣ ራሱ ዒጋል ነው፣ ከዛፉ ሥር ቆሟል፣ አልተቀመጠም። ትናንት ሳሕራ የነገረችው ሁሉ መጣበት። አባቷን ለምናዋለች። ዘፈን ነው? ፒያኖ ነው አባ። ወንድ ፊት ነው? ከተማው ሁሉ ፊት ነው። ዒጋል ጨርቁን አጣጥፎ፣ እንደገና ዘርግቶ፣ እንደገና አጣጥፎ፣ አልከለክልሽም፣ ከለከለኝ ብለሽ ስታለቅሺ እንዳትኖሪ፣ ግን አልመጣም፣ አላይሽም። እሷ ደግሞ ለአየነው፣ አባቴ ከከለከለኝ ይሻለኝ ነበር፣ እንቢ ብዬው እጫወት ነበር፣ አሁን ግን ወንበሩ ባዶ ሆኖ እንዴት ነው የምጫወተው? ድምጿ ተሰበረ፣ በቀኝ ጆሮው በኩል ነበር የተቀመጠችው፣ ስብራቱን ሰማው።

አታይም አሁን። ፒያኖው ጋርዷታል፣ በሩ በሱ በኩል ነው። አባትሽ መጥቷል ብሎ መጮህ አይቻልም፣ አፉ ሥራ ላይ ነው፣ ዘወር ብሎ ቢነግራት ጨዋታው ይፈርሳል፣ ዒጋል ደግሞ ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ፣ ይሄ ሰው ሊሄድ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይቶ ሊሄድ ነው፣ እሷም ሳታውቅ፣ ዕድሜ ልኳን አልመጣም እያለች፣ አይሆንም፣ አይሆንማ!

ሦስተኛው ቤት ደረሰ። መስኮቱ።

ዒጋል ጨርቅ ሲለካ የሚያንጎራጉራት ዜማ አለች። ክንዱን ዘርግቶ አንድ፣ ክንዱን ዘርግቶ ሁለት፣ ግመል ከጉድጓድ ውሃ ሲያጠጡ የሚሏት ናት፣ ሦስት ደረጃ ትወጣና በአራተኛው ትወርዳለች፣ ባልዲው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ተደፋ። አየነው ሁለቱም ጆሮው ደህና በነበረ ጊዜ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ሰምቷታል። አሁን ነፋት። ዝግ አድርጎ፣ ጉሮሮውን አለስልሶ፣ ባልዲው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ።

ፒያኖው ቆመ።

ጀርባው ላይ ምንም የለም፣ ሳንቃ ብቻ፣ አንድ ምት፣ ሁለት ምት፣ ገደልኳት፣ ምን ነክቶኝ ነው በሰው ልጅ ልብ የምጫወተው፣ ሳሕራ፣ ሳሕራ፣ ጣቶችሽ የት ሄዱ፣ ሦስት ምት፣ ዒጋል ጭንቅላቱን ቀና አድርጓል፣ ዱላው አየር ላይ ቀርቷል፣ አራት፣ እና ከወገቡ ሥር፣ ከሥሩ ከመጨረሻው፣ ከጉድጓዱ ወለል፣ የሳሕራ ግራ እጅ ያቺኑ ባልዲ ያዘች። ወጣ። ሰምታለች። ወጣ። አውቃለች። ወጣ፣ አባቷ እንደመጣ አውቃለች፣ ያቺ ዜማ ከዒጋል ሌላ ባለቤት የላትም፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች፣ ቀኝ እጇ ከላይ እንደ ውሃ ተደፋ፣ ፍርስርስ፣ ኧረ የውሃ ያለህ፣ ጀርባው በላብ ነው በሙዚቃ የራሰው አይለይም።

ዙሩን አብረው ዘጉት፣ ትራምፔቱን ያወርዳል። ተራው የሷ ነው። ተጫወቺ እመቤት፣ ሠላሳ ሁለቱ በሙሉ የሷ ነው ተባብለዋል፣ አራተኛው ቤት ላይ ብቻ እሱ ይገባና አብረው ይዘጉታል፣ እስከዚያ ጀርባ መሆን ብቻ ነው፣ ደስ ይላል ጀርባ መሆን። ዒጋል ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ሁለት እጁን ጫነበት። አይሄድም። አይሄድም! አየነው ነፍሱ መለስ አለች።

አንደኛው ቤት። ሁለተኛው፣ ሳሕራ አበደች፣ የመነኮሳቱን መዝሙር የመሰለ ነገር ታመጣለች፣ ወዲያው በጥፊ ታባርረዋለች፣ ከመጋላ ሴቶች አንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ኋላ የተቀመጡት የባቡር ሠራተኞች እግራቸውን ይመቱ ጀመር፣ ጥሩ፣ ምቱ፣ ምቱ፣ አንዱ ደግሞ የመድረኩን ጠርዝ በመዳፉ ይደልቃል፣ ከሱ ጎን ያለውም፣ ከሱም ጎን፣ ተዉ፣ አይ፣ ተዉ እንጂ፣ የመድረኩ ሳንቃ ተናወጠ፣ ፒያኖው ተናወጠ፣ ጀርባው ላይ የሷ እጅና የመቶ ሰው መዳፍ ተደባለቀ፣ ድም ድም ድም የማን ነው፣ የሳሕራ ነው፣ የነሱ ነው፣ ጠፋችው።

ጠፋችው።

ሁለተኛው ቤት ነው ሦስተኛው? ስንት ቆጥሬ ነበር፣ አልቆጠርኩም፣ ደስ ብሎኝ መቁጠር ረሳሁ፣ ቀኝ ጆሮ፣ እባክህ፣ ገንፎ። እልልታ፣ ድለቃ፣ ጩኸት፣ ገንፎ። ልገምት? በሠርጉም ገምተህ ነበር። ሁለት ምት ቀድመህ ብትገባ ዓብዱልአዚዝ እዚያ ነው፣ መዳፉን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ልጅቷንም ይዘሃት ትወድቃለህ፣ አባቷ እያየ፣ ባልገባስ? ባልገባ ቤቱ ሳይዘጋ ይቀራል፣ አፉን ከፍቶ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ለማን ነው የምትደብቀው አየነው? ለዚህ ሰው ነው? ይህ ሰው ስንት ዓመት ጎማውን የጠገንክለት፣ አንተም ዳቦውን የበላህለት ሰው ነው። ሰክሯል ሲሉህ አልሞትክም። እውነቱን ቢያውቁ ትሞታለህ?

ዞረ።

ለከተማው ሁሉ ጀርባውን ሰጠ፣ ጎጃም ቢሆን ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው፣ እዚህም ነውር ነው፣ ይሁን፣ ዞረና ተንበረከከ፣ ግንባሩንና የመንጋጋውን አጥንት ፒያኖው ላይ ለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ሁሉም ያያል። ደንቆሮ መሆኑን ሁሉም ያያል። ይዩ። አጥንቱ ይነዝራል፣ ድለቃው አለ፣ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ፣ ጥርሱ ውስጥ፣ ቀጭን ሆና፣ እሷ ነች? እሷ ነች፣ የት ነሽ፣ ተናገሪ፣ የቱ ቤት ነሽ።

ድለቃው በአንዴ ጠፋ።

ምን ሆኑ? አንድ የመድረክ ሳንቃ እንኳን አይንቀጠቀጥም። እልልታውም የለም። ዓይኑን ገልጦ በትከሻው ላይ አየ፣ ዓብዱልአዚዝ ቆሟል፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ፣ መዳፎቹን ወደ መሬት አድርጎ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ከተማውን በሙሉ ዝም አሰኝቶታል፣ አንገቱ ግን ዞሮ አየነውን ያያል፣ ተንበርክኮ ፒያኖ ላይ የተለጠፈውን ሰው፣ ፊቱ ላይ ያለው ንዴት አይደለም፣ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፣ አምስት ወር ያልገባው ነገር አሁን እየገባው ነው።

መንጋጋው ወደ እንጨቱ። አሁን ጥርት አለች። መስኮቱ ላይ ነች፣ ሦስተኛው ቤት መጨረሻ፣ ወደ አራተኛው የሚያወጣው ደረጃ፣ አንድ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ሁለት፣ ተነሳ፣ ሦስት፣ ቀና ሲል በፒያኖው አናት በኩል የሳሕራን ፊት አየው፣ ዛሬ ገና ማየቱ ነው፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ ፊቷ በእንባና በላብ ታጥቧል፣ አባቴ ቆሟል? ትላለች ከንፈሯ፣ ራሱን ነቅንቆ ቆሟል ይላታል፣ አራት፣

ገባ።

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ አየነው! ከላይ ነው የገባው፣ ከጣራው፣ አስቦት በማያውቀው ድምፅ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ደም ይላል፣ ትራምፔቱ ግን እንደ ንጋት ይበራል፣ ሳሕራ ከሥሩ በሁለት እጇ አነሳችው፣ ሕፃን ወደ ሰማይ እንደሚወረውሩ፣ ወረወረችው፣ ተቀበለችው፣ ወረወረችው፣ ቁራው ከዛፉ በረረ፣ ቤቱ መታ! የኔታ፣ ይኸው መታ፣ ዱላዎትን ያስቀምጡ፣ የአሜሪካኖቹ ቤት በሶማሌ ባልዲ፣ በጎጃም ዘረፋ፣ በድሬ አሸዋ ተለቅልቆ መታ፣ ያዘግየው፣ ይሳበው፣ የመጨረሻዋን ድምፅ ይያዛት፣ አትልቀቃት፣ ሳሕራም አትለቅም፣ ማን ቀድሞ ይለቃል፣ ማንም፣ አብረው፣ እንጨቱ ውስጥ እስክትሞት ድረስ፣ አሁን።

ዝም።

ከዚያ ግቢው ተነሳ። ይሄን በየትኛውም ጆሮ መስማት አያስፈልገውም፣ በእግሩ ሥር መድረኩ ይዘላል፣ አፎቹ ሁሉ አንድ ቃል ይላሉ፣ አየነው፣ አየነው፣ ስሙን መጥራታቸው ነው ወይስ በዓይናችን አየነው ማለታቸው፣ ሁለቱም ነው፣ ወታደሮቹ እንደገና ቆመዋል፣ አሁን ማንም መለከት አልነፋባቸውም። ዓብዱልአዚዝ መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣ፣ ነጭ ኮቱ ምስማር ይዞት ተቀደደ፣ ግድ አላለውም፣ የአየነውን ፊት በሁለት እጁ ያዘ፣ የትኛው ነው? አየነው ግራውን ነካ። ዓብዱልአዚዝ አፉን ቀኙ ላይ ደግኖ፣ አንተ ሰውዬ፣ አንተ የድንጋይ ራስ፣ ለምን አልነገርከኝም፣ እኔ እኮ ሰባት ዓመት ባጠገብህ ቆሜያለሁ። አልጠየቅከኝም። አቦ እውነትህን ነው፣ አልጠየቅኩህም፣ ወላሂ አልጠየቅኩህም፣ እሁድ ትመጣለህ፣ ከነልጅቷ፣ ፒያኖው የት ጋ እንደሚቆም አንተ ታሳየናለህ፣ እኛ በዙሪያው እንቆማለን።

ሳሕራ ከፒያኖው ኋላ ወጣች። ሻሿን አስተካከለች። ሰዉ መሃሉን ለቀቀላት፣ በዚያኛው ጫፍ ዒጋል ዱላውን ተመርኩዞ ይመጣል፣ አይቸኩልም፣ ግቢው እንደገና ዝም አለ፣ ዝም ሲል ደግሞ የአየነው ቀኝ ጆሮ ደህና ይሰማል። ዒጋል ልጁ ፊት ደርሶ ቆመ። ሳሕራ። አቤት አባ። ያቺን ነገር ማን አስተማረሽ። አንተ። እኔ አላስተማርኩሽም። ጨርቅ ስትለካ። ዒጋል ዱላውን አንዴ መሬት መታ። አራተኛው ላይ አቻኮልሽው። ምን? ባልዲው ወጥቶ ወዲያው አይደፋም፣ ግመሉ አፉን እስኪያስገባ ይቆያል፣ ሰውየውም አቻኮለው፣ አንቺም አቻኮልሽው፣ ቤት ስንገባ አሳይሻለሁ። ሳሕራ ልትስቅ ጀምራ ማልቀስ ሆነባት፣ ዒጋል ግራ ገብቶት ትከሻዋን በዱላው እጀታ ነካ ነካ አደረገ፣ ሀዬ፣ ሀዬ፣ እሺ በቃ፣ ሰው ያያል፣ ቀስ ብለሽ ልቀሺ።

አየነው መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል። ትራምፔቱ ጭኑ ላይ ነው፣ አሁንም ትኩስ ነው። አምስት ወር። ዘርፈሽ አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ስታ አታውቅም፣ አልጋ ላይም ማዕድ ላይም መንገድ ላይም ዞራ በቀኙ ትመጣለች፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳያውቅ፣ የታመመ ሕፃን እንደሚጠጉ፣ ደግነቷ ራሱ በየቀኑ ጎድለሃል ይለው ነበር። አሁን ሰዉን በክርኗ እየሰነጠቀች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እየሳቀች፣ እየሮጠች መጣች፣ አንገቱን አቅፋ ተጠመጠመችበት፣ አፏን ጆሮው ላይ ለጥፋ ታወራለች፣ ታወራለች፣ ትንፋሿ ይሞቃል፣ ሳቋ አንገቱ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ነገር ነው የምትለው፣ ረጅም ነገር፣ በግራው በኩል።

ረስታዋለች። ዘርፈሽ ረስታዋለች።

አንዲት ቃል አልሰማም። አይነግራትም፣ አያቋርጣትም፣ ዓይኑን ጨፍኖ እሺ ይላታል፣ እሺ፣ እሺ፣ ቀጥይ…